የመጫወቻ ባቡር ጌታ፦ የጆሹዋ ላየነል ኮወን ሕይወትና ከሞቱ በኋላ ያልበረደው ሙግት

በኩዌት ምድር መንገደኛ ጭኖ የሚሄድ ባቡር እስካሁን የለም። ስድስቱን የባሕረ ሰላጤ አገሮች ያስተሳስራል ተብሎ የታሰበው፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሐዲድ መስመር ገና ሥራው አልተጠናቀቀም። ስለዚህ ከሳልሚያ እስከ ጃህራ ባሉ ቤቶች የሚያድግ ሕፃን ባቡርን መጀመሪያ የሚያውቀው ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ክብ እየሠራ ከሚዞር መጫወቻ ነው። በእነዚያ ቤቶች የሚሠሩ እጆችም ማታ ማታ የተበተነውን ሐዲድ ከሶፋ ሥር ለቅመው ወደ ካርቶኑ ይመልሱታል።

የዚያ መጫወቻ ታሪክ እንደ ስሙ የጨዋታ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ባቡርን ከሱቅ መስኮት አውርደው ወደ ብዙ ሺህ ቤቶች ካስገቡት ሰዎች መካከል በስም ቀድሞ የሚነሣው አሜሪካዊው ጆሹዋ ላየነል ኮወን ነው። ሕይወቱ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል፤ አባትና ልጅን በአንድ ወለል ላይ ያስቀመጠ ደስታን፣ እንዲሁም ያንን ደስታ በስም፣ በመለኪያና በፈጠራ መብት ያጠረ ንግድን። አጥሩን የሠሩት ፋብሪካዎች ሲሆኑ፣ ዋጋውን በተደጋጋሚ የከፈለው ግን ሐዲዱን አስቀድሞ ቤቱ የዘረጋው ገዢ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስደተኛው ቤተሰብ ልጅ

ኮወን የተወለደው ነሐሴ 25 ቀን 1877 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከአውሮፓ ተሰደው ወደ አሜሪካ የገቡ አይሁድ ሲሆኑ፣ እርሱ ከዘጠኝ ልጆች ስምንተኛው ነበር። የቤተሰቡ መጠሪያ ኮኸን ነበር፤ ኮወን የሚለውን ስም የያዘው በ1910 ነው።

ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ ከብረትና ከሽቦ የማይለይ እንደነበረ ይነገራል። ገና ሰባት ዓመት ሳለ ከእንጨት ባቡር ጠርቦ፣ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ሊገጥምለት ሲሞክር ፈንድቶ የቤቱን ግድግዳ እንዳበላሸ በኋላ ዘመኑ ደጋግሞ ያወሳ ነበር። የከፍተኛ ትምህርት ጀምሮ አልገፋበትም፤ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ የኤሌክትሪክ መብራት መሥሪያ ቤት ሳበው።

የመጀመሪያ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1899፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ ገደማ ነው። ፈጠራው ፎቶ አንሺዎች ለብርሃን የሚያቃጥሉትን ዱቄት በባትሪ ኃይል የሚለኩስ መሣሪያ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህንን አይቶ ለባሕር ፈንጂዎች የሚሆኑ 24,000 መለኮሻዎች እንዲሠራለት በ12,000 ዶላር ተዋዋለው። ለወጣቱ መነሻ ካፒታል የሆነው ይህ ገንዘብ ነው። መስከረም 5 ቀን 1900 ከሃሪ ግራንት ጋር ሆኖ አንድ ትንሽ ድርጅት አቋቋመ፤ ለድርጅቱም የራሱን መካከለኛ ስም ላየነልን ሰጠው።

ሐሳብ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በኮወን ሕይወት ገና ከመነሻው ይታያል። የአበባ ማስቀመጫን እንዲያደምቅ አምፖል የተገጠመለት ቱቦ ሠርቶ ለኮንራድ ሂዩበርት ለተባለ ሰው እንደሰጠና፣ ሂዩበርትም ከዚያ ተነሥቶ በእጅ ባትሪ ንግድ ባለጸጋ እንደሆነ ኮወን ይናገር ነበር። በፓተንት መዝገብ ላይ የሚገኘው ስም ግን የእርሱ አይደለም። በ1899 የእጅ ባትሪን መብት ያስመዘገበው ዴቪድ ሚዜል ሲሆን፣ ሂዩበርትም መብቱን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው። ኮወን ስለ ራሱ የሚያወራውና መዝገብ የሚመሰክረው ሁልጊዜ አይገጥሙም ነበር። ሆኖም ያልተመዘገበ ሐሳብ በሌላ ስም ሊወጣ እንደሚችል ገና በወጣትነቱ የተረዳ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የሠራውን ሁሉ በስምና በምልክት ማሠር ልማዱ ሆነ።

ከሱቅ መስኮት ወደ ሳሎን

ኮወን ባቡር መሥራት የጀመረው ለልጆች ብሎ አልነበረም። በ1901 ገደማ ማንሃተን ውስጥ በሚገኝ የሮበርት ኢንገርሶል ሱቅ መስኮት አጠገብ ሲያልፍ፣ የተደረደሩት ዕቃዎች ሳይንቀሳቀሱ የመንገደኛውን ዓይን እንደማይስቡ አስተዋለ። ከኤሌክትሪክ ማራገቢያ የወሰደውን ሞተር ከእንጨት በተሠራ ክፍት ፉርጎ ሥር ገጥሞ፣ ፉርጎው በክብ ሐዲድ ላይ ዕቃ ጭኖ እንዲዞር አደረገ። ለባለ ሱቁ የሸጠው በ4 ዶላር ነበር። ደንበኞች ግን በፉርጎው ላይ የተጫነውን ዕቃ ትተው ፉርጎውን መግዛት ፈለጉ፤ ባለ ሱቁም ተጨማሪ አዘዘ። ማስታወቂያ እንዲሆን የታሰበው ነገር ራሱ ሸቀጥ ሆነ።

በዚያው ዘመን፣ በ1902 መጨረሻ፣ ከጅቡቲ የተነሣው እውነተኛ ሐዲድ ድሬዳዋ ደርሶ ነበር። በዓለም ዙሪያ ባቡር የዘመናዊነት ምልክት ነበርና፣ ልጆች በትንሹ አምሳያው መማረካቸው አያስገርምም። በዚያ ጊዜ የመጫወቻ ባቡር ንግድ በአመዛኙ በጀርመን ፋብሪካዎች እጅ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በ1868 የተመሠረተው አይቭስ የተባለ ድርጅት በቁልፍ በሚጠመዘዙ ባቡሮቹ የታወቀ ነበር። ኮወን ወደዚህ ገበያ የገባው በኤሌክትሪክ ነው።

መደበኛ የተባለው ሐዲድ

በ1906 ኮወን ሕይወቱን ሙሉ የሚከተለውን ውሳኔ ወሰነ። ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረውን ሰፊ ሐዲድ ትቶ ባለ ሦስት ዘንግ ሐዲድ አወጣ። መካከለኛው ዘንግ ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ ያመጣል፤ ሁለቱ የዳር ዘንጎች ይመልሱታል። አሠራሩ ለልጅ የተመቸ ነበር፤ ሐዲዱ ተጠማዝዞ በራሱ ላይ ቢመለስ እንኳ የኤሌክትሪክ መስመሩ አይጋጭም። የዳር ዘንጎቹ ርቀት 2 ኢንች ከአንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 54 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ይህ ልክ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ተፎካካሪዎች ከሚጠቀሙባቸው ልኮች ከአንዱም ጋር አይገጥምም ነበር። ኮወን ግን መደበኛ ሐዲድ ብሎ ሰየመው፤ ስሙንም የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበ።

የዚህን ውሳኔ ክብደት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከአገሩ ታሪክ ሊረዳው ይችላል። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የጅቡቲ መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በጥቅምት 2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በለገሃር የቆሙት አሮጌ ፉርጎዎች በአዲሱ ሐዲድ ላይ መሄድ አይችሉም። የሐዲድ ስፋት ማን በማን መስመር ላይ እንደሚሄድ የሚወስን ሕግ ነው። ኮወን ይህንን ሕግ በሕፃናት ወለል ላይ አወጣው። የላየነልን ሐዲድ የገዛ አባት በሚቀጥለው የገና በዓል ሌላ ፉርጎ መግዛት ሲፈልግ ተመልሶ ወደ ላየነል መሄድ ነበረበት፤ የቀድሞው ሐዲድ ተነቅሎ ሁሉም እንደገና ካልተገዛ በስተቀር የሌላ ፋብሪካ ባቡር አይገጥምለትም።

ተፎካካሪዎች ይህንን ልክ መከተል የግድ የሆነባቸው ሐዲዱ በብዙ ቤቶች ከተዘረጋ በኋላ ነው። አይቭስ በ1921፣ አሜሪካን ፍላየር የተባለው የቺካጎ ድርጅት ደግሞ በ1925 በዚያው ስፋት መሥራት ጀመሩ። ሆኖም መደበኛ የሚለው ቃል በኮወን ስም የተመዘገበ ስለነበር፣ ሰፊ ሐዲድ በሚል ሌላ ስም ለመሸጥ ተገደዱ። ባቡሮቹ በአንድ ሐዲድ ላይ መሄድ ቢችሉም፣ በካርቶኖቹ ላይ የተጻፉት ስሞች የተለያዩ ስለነበሩ ገዢው የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ለማወቅ ባለ ሱቁን መጠየቅ ነበረበት። አንድ የንግድ ምልክት በአንድ ተራ ቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጫና እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ይጀምራል።

የአይቭስ መጨረሻ

ኮወን በማስታወቂያ ርኅራኄ አልነበረውም። የተፎካካሪዎቹ የብረት ቀልጦ ሥራ በቀላሉ እንደሚሰበር፣ የእርሱ ግን እንደሚበረክት በካታሎጎቹ ሥዕል ጭምር ያሳይ ነበር። ካታሎጉ በልጆች ስለሚነበብ፣ ልጆቹ ራሳቸው በአባቶቻቸው ፊት የላየነል ጠበቆች ሆኑ። ልጁ ላውረንስም በሕፃንነቱ ለድርጅቱ ማስታወቂያ የደስተኛው ልጅ አርአያ ሆኖ አገልግሏል።

አይቭስ ግን ኮወን የሌለው አንድ ነገር ነበረው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ባቡሩን ከሩቅ ሆኖ ወደ ፊት፣ ወደ ማቆሚያ፣ ከዚያም ወደ ኋላ የሚያዛውር መሣሪያ በፓተንት አስጠብቆ ነበር። ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር መሣሪያው ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሸጋገራል። ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ባቡሩን በእጅ ሳይነካ ማስቆምና ማስመለስ የሚፈልግ ልጅ ዓይኑ ከዚያ ላይ አይነሣም። ላየነል ያንን መሣሪያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሥራት አይችልም ነበር።

በ1928 አይቭስ ለኪሳራ ተዳረገ። ላየነልና አሜሪካን ፍላየር በጋራ ገዙት፤ ብዙም ሳይቆይ ድርሻው ሁሉ በኮወን እጅ ገባ። ከግዢው ጋር መሣሪያውም መብቱም መጣ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በላየነል ባቡሮች ውስጥ ሠራ። ኮወን በፍርድ ቤት ሊያገኘው የማይችለውን በገበያ አገኘው። የአይቭስ ስም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋ። በዚያ ስም ላይ ዓመታት ያጠራቀሙ ቤተሰቦች ከዚያ ወዲያ ዕጣቸው በቀድሞው ተፎካካሪ መልካም ፈቃድ ላይ ወደቀ።

የችግርና የድል ዓመታት

የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዓመታት ኮወንንም አልማሩትም። ትልልቅና ውድ ባቡሮች ገዢ አጡ፤ በ1934 ላየነል በፍርድ ቤት በተሾሙ ባለአደራዎች ሥር ወደቀ። በዚያው ዓመት ሚኪ ማውስና ሚኒ ማውስ እጀታ እየገፉ የሚነዱት ትንሽ መጫወቻ በ1 ዶላር ለገበያ ቀርቦ ከ250,000 በላይ ተሸጠ። ድርጅቱን ያዳነው ይህ መጫወቻ ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ትርፉ ብቻውን ዕዳውን ለመክፈል የሚበቃ አልነበረም፤ ነገር ግን የላየነልን ስም በድሃ ቤትም ውስጥ አስገባ። የሚኪ ማውስን ምስል ለመጠቀም ፈቃድ የተገኘው ከዋልት ዲዝኒ ነበር፤ ሌላውን በምልክቱ ያጠረው ድርጅት በዚህ ጊዜ በሌላ ሰው ምልክት ተጠቅሞ ቆመ። ከባለአደራዎቹ እጅ የወጣው በ1935 መጀመሪያ ነው።

ግዙፉ መደበኛ ሐዲድ ከድቀቱ በኋላ አላንሰራራም። ቦታውን የያዘው በግማሽ ገደማ የሚያንሰው፣ ኮወን በ1915 የጀመረው ባለ ሦስት ዘንግ ሐዲድ ነው። ቤታቸውን በትልቁ ሐዲድ የሞሉ ቤተሰቦች አዲስ ባቡር የማይወጣለት መስመር ይዘው ቀሩ። መደበኛ የተባለው ነገር ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ዓመት አላለፈም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ከ1942 ጀምሮ፣ ፋብሪካው መጫወቻ መሥራቱን አቁሞ ለባሕር ኃይል የአቅጣጫ መሣሪያዎችን ሠራ። ብረት ለጦርነት ስለተፈለገ በ1943 ከወፍራም ወረቀት ተቆርጦ የሚገጣጠም ባቡር ለገበያ አቀረበ። ገጣጥሞ ማቆሙ አስቸጋሪ ስለነበር ብዙ አባቶችን አማረረ፤ ያም ሆኖ የላየነል ስም በገና ሰሞን ከልጆች አፍ እንዳይጠፋ አደረገ።

ሰላም ሲመጣ የኮወን ወርቃማ ዘመን ጀመረ። በ1946 ጭስ የሚያወጣው ባቡር ታየ። ከቤታቸው ርቀው የቆዩ ወታደሮች ተመልሰው ልጆች ሲያሳድጉ፣ ከልጆቻቸው ጋር ወለል ላይ የሚያስቀምጣቸው መጫወቻ ሆነ። በ1953 የድርጅቱ ሽያጭ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። በዚሁ ዘመን አሜሪካን ፍላየርን የገዛው የጊልበርት ድርጅት በሁለት ዘንግ የሚሄድ ባቡር አውጥቶ፣ እውነተኛ ባቡር ሦስተኛ ዘንግ የለውም እያለ በኮወን ሐዲድ ይሳለቅ ጀመር። የአሜሪካ ልጆች በሁለት ጎራ ተከፈሉ። የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድምና፣ ሁለት ጎረቤታሞች ባቡራቸውን አጋጥመው መጫወት አይችሉም ነበር።

የመሥራቹ ስንብት

በ1950ዎቹ መጨረሻ የልጆች ዓይን ወደ ቴሌቪዥን፣ ወደ መኪናና ወደ ሕዋ ዞረ። እውነተኛው ባቡርም በአውሮፕላንና በአውራ ጎዳና ተሸነፈ። ላየነል በ1957 ለሴቶች ልጆች ብሎ ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ባቡር ቢያወጣም የገዛው ጥቂት ነው፤ ባቡር የሚወዱ ልጃገረዶችም የፈለጉት የእውነተኛውን ባቡር ቀለም ነበር።

በ1959 ኮወን ድርሻውን ሸጠ፤ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት የነበረው ልጁ ላውረንስም ከኃላፊነቱ ወጣ። በልጅነቱ የማስታወቂያው ፊት የነበረው ሰው የአባቱን ድርጅት አልወረሰም። ድርሻውን የገዛው ቡድን መሪ የኮወን የወንድም ወይም የእኅት የልጅ ልጅ ከሚባለው የዝምድና መስመር የሆነው ሮይ ኮን ነበር። ኮን በሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ዘመን ስሙ በአገሩ ሁሉ የተሰማ ጠበቃ ሲሆን፣ ስለ መጫወቻ ንግድ ያለው ዕውቀት ግን ጥቂት ነበር። ድርጅቱ በእርሱ ዘመን ገንዘብ አጣ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ተነሣ።

ጆሹዋ ላየነል ኮወን መስከረም 8 ቀን 1965 በፍሎሪዳ ግዛት፣ ፓልም ቢች ውስጥ በሰማንያ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጊልበርት ሲከስር ላየነል የአሜሪካን ፍላየርን ስምና ቅርጽ ማውጫዎች ገዛ፤ የአይቭስ ታሪክ ተደገመ። በ1969 ደግሞ የላየነል ባቡር ራሱ በፈቃድ ወደ ጄኔራል ሚልስ፣ ወደ አንድ የምግብ አምራች ድርጅት እጅ ተላለፈ። የመሥራቹ ስም ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው የሚተላለፍ ንብረት ሆነ።

ስሙን የተከተለው ክስ

የኮወን ስም ትልቁን ፈተና ያየው ከሞተ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ነው። በ2000 ኤም.ቲ.ኤች. የተባለው የሜሪላንድ ግዛት ባቡር አምራች ላየነልን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ሁለቱ ድርጅቶች ቀድሞ አብረው የሠሩ ነበሩ። ባቡሮቻቸው በዚያን ጊዜ ይሠሩ የነበረው በደቡብ ኮሪያ ሲሆን፣ የክሱ ይዘት የኤም.ቲ.ኤች. ንድፎች ከአንድ የኮሪያ ፋብሪካ ተሰርቀው ለላየነል ወደሚሠራ ሌላ የኮሪያ ፋብሪካ ተላልፈዋል የሚል ነበር። ላየነል ስለ ስርቆቱ የሚያውቀው ነገር እንዳልነበረ ተከራከረ።

በሰኔ 2004 በዲትሮይት የተሰየሙት ዳኛ ዜጎች ለኤም.ቲ.ኤች. ፈረዱ፤ ካሳውም ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ላየነል ያንን መክፈል ስላልቻለ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በታኅሣሥ 2006 የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ተቀባይነት ሊያገኝ የማይገባው የባለሙያ ምስክርነት ቀርቧል በማለትና ሌሎች ስሕተቶችን በመጥቀስ ፍርዱን ሻረ። ጉዳዩ እንደገና ከመሰማቱ በፊት ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። በ2008 ላየነል 12 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ ጭሱን ከጎማው ዙረት ጋር አስተባብሮ ለሚያወጣው የኤም.ቲ.ኤች. ፈጠራም ፈቃድ አግኝቶ ከኪሳራ ጥበቃ ወጣ። በ1946 ልጆችን ያስደነቀው ጭስ ከስድሳ ዓመት በኋላ የጠበቆች መከራከሪያ ሆኖ ነበር።

በእነዚያ ስምንት ዓመታት የተጎዱት ከሳሽና ተከሳሽ ብቻ አልነበሩም። ባቡር ሰብሳቢዎች ለምርት አስቀድመው ያዝዛሉ፤ መለዋወጫና ጥገናም ከፋብሪካው ይጠብቃሉ። ፋብሪካው በኪሳራ ችሎት ሲቆም ያዘዙት ዕቃ ይመጣ እንደሆነ፣ የተበላሸው ይጠገን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በዚህ ላይ ሁለቱ ድርጅቶች የየራሳቸው የሪሞት መቆጣጠሪያ ነበራቸው። የላየነል በ1990ዎቹ የወጣ ሲሆን፣ በልማቱ ውስጥ ዘፋኙ ኒል ያንግ ተሳትፏል፤ የነርቭ ጉዳት ያለበት ልጁ ባቡሩን በራሱ እጅ መንዳት እንዲችል ፈልጎ ነበር። ኤም.ቲ.ኤች. ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥርዓት አወጣ። የአንዱ ሪሞት የሌላውን ባቡር በቀጥታ አያዝዝምና፣ ከሁለቱም የገዛ ሰው ሁለት መሣሪያ ገዝቶ፣ በሽቦ አገናኝቶ፣ ሁለት መመሪያ ማጥናት ግድ ሆነበት።

በዚያው በ2004 ሌላ ክስ ተጨመረ። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው እውነተኛ የባቡር ኩባንያ ምልክቱንና ቀድሞ የጠቀለላቸውን የሌሎች ኩባንያዎች ምልክቶች ያለ ክፍያ ተጠቅማችኋል ብሎ ላየነልንና አተርን የተባለውን አምራች ከሰሰ። ብዙ አምራቾች ምልክቶቹን ለአሥርት ዓመታት ያለ ክፍያ ሲቀቡ ኖረዋል። አባቶቻቸው በእነዚያ መስመሮች የሠሩ ሰብሳቢዎች የቤተሰባቸው መታሰቢያ የሆነው ቀለም ዋጋ ሊጨመርበት መሆኑን ሲሰሙ አዘኑ፤ ተቃውሟቸውንም አሰሙ። ኩባንያው በ2006 ከኤም.ቲ.ኤች. ጋር ባደረገው ስምምነት ክፍያውን አንሥቶ ለሞዴል አምራቾች ምልክቱን በነጻ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። በአንዱ ክስ ሰብሳቢዎችን ያስጨነቀው ድርጅት በሌላው ክስ ሸክም አቀለለላቸው።

ለአንባቢ የሚተርፈው

በስምና በፈጠራ ላይ የሚነሣ ሙግት ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2005 የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትነሣ ገበሬዋን ለመጥቀም ነበር፤ በ2007ም ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። የኤም.ቲ.ኤች. ንድፍ ሠሪዎችም ድካማቸው ተሰርቆ እንደሆነ ፍትሕ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የኮወን ታሪክ የሚያሳየው መብት ሲጠበቅም ሆነ ሲጣስ ሦስተኛ ወገን መኖሩን ነው፤ በችሎት የማይጠራው፣ ነገር ግን ገንዘቡንና ትዝታውን ያፈሰሰው ገዢ።

ለልጁ ባቡር ገዝቶ ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰውም ይህንን በትንሹ ያገኘዋል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የላየነል ማስተላለፊያ በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ በኩዌት ያለው መስመር 240፣ በኢትዮጵያ ያለው ደግሞ 220 ቮልት ነው። መቀነሻ ሳይኖር ቢሰካ ይቃጠላል። የኩዌት መሰኪያ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሲኖረው፣ አዲስ አበባ ያለው የግድግዳ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ክብ እግር ይጠብቃል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሐዲዱን ስፋት፣ የቮልቱን መጠንና የሠሪውን ስም ከካርቶኑ ላይ ማንበብ ይጠቅማል።

የኮወን ባቡሮች ዛሬ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ስትራስበርግ በሚገኘው የባቡር ሰብሳቢዎች ማኅበር ቤተ መዘክር ተደርድረው ይታያሉ። ማኅበሩ የተመሠረተው ኮወን በሕይወት ሳለ፣ በ1954 ነው። በሰብሳቢዎች ቤት ግን ባቡሮቹ አሁንም ይሄዳሉ። ላየነልና ኤም.ቲ.ኤች. በችሎት ሲካሰሱ በነበሩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ የሁለቱም ባቡሮች በአንድ ሰው ቤት፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ሲከታተሉ ያመሹ ነበር። ሐዲዱ ኮወን ያስለመደው ባለ ሦስት ዘንግ ሐዲድ ነው። የፈጠራ መብት ዘመኑ ሲያልቅ ለሁሉም ይለቀቃልና፣ በዚያ ሐዲድ ላይ የማንንም ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም።